የደርበው መኪና ቀይ መብራት

ከሙጃ የመጣችው ስሜነሽ ድንኳኑ ዘንድ እስክትደርስ አልታገሠችም። ነጠላዋን አገልድማ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድም ጋሻዬ! ደርበውዬ!» እያለች ግቢው ውስጥ ከቆመችው መኪና በር በወጡት ሁለት እግሮች ላይ ተደፋች።

«እኔ ከፋለ ነኝ፣ እትዬ» አሉ እግሮቹ።

ስሜነሽ ለቅሶዋን ቆርጣ ቀና አለች። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ የጎረሰው ሁሉ ሣቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው። የሟች ሚስት ውባንቺ እንኳ፣ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ላይ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ያሉም ነበሩ።

ከፋለ ላሊበላ ውስጥ የባጃጅ መብራት የሚጠግን ጎልማሳ ነው። የመኪናዋ ሽቦዎች ሥር ጭንቅላቱን ከቀበረ ግማሽ ቀን ሆኖታል። ደርበው የተቀበረው ትናንት ነው፤ ነገ ሠልስቱ ነው። እንደ አባቶች ወግ ደግሞ በሠልስት ቀን የሟች ፈረስ ተጭኖ በለቃሹ መሀል ይዞራል። ደርበው ፈረስ አልነበረውም። የነበረችው ይህች በገዛ እጁ የሠራት መኪና ናት። ሞተሯን ከተገለበጠ ሚኒባስ፣ ሆዷን ከዘይት በርሜል፣ ጣራዋን ከራሱ ወጥ ቤት ቆርቆሮ አምጥቶ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አገሩ እየሣቀበት ገጣጠማት። ውባንቺም ከመቃብር መልስ፣ «ፈረሱ ይዞራል፤ በራሱ ሞተር» ብላ ቆረጠች።

ችግሩ ቁልፉ ሲዞር መሪው ፊት ቦግ የምትለው ቀይ መብራት ናት።

«ቀይ እየበራ ሞተር አይነሣም» አለ የሟች ታላቅ ወንድም ደሳለ። «ሞተሩ ቢቃጠል ለእሱም ሌላ ድንኳን ልንተክል ነው? በሬ ጠምደን እንጎትታት።»

«በበሬ?» አለች ውባንቺ። «እነዚያ በቁሙ የሣቁበት ሁሉ ነገ መጥተው፣ መኪናው በበሬ ተጎትታ ይዩአት? አያ ደሳለ፣ ባሌን በሞቱ አታሥቁበትም።»

«መብራቷማ ድሮም ትበራለች» አሉ የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሰንበት። «እኔ ያቺን ቀይ እያየሁ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ተሳፍሬ አላውቅም። ምንድን ናት ስለው፣ ‹ጠባይዋ ነው አባ፣ ይተዋት› ይለኝ ነበር።»

«እኔም ሳትበራ አይቻት አላውቅ» አለ ደሳለ።

ውባንቺ ግራ ገባት። «እኔ ደግሞ በርታ አይቻት አላውቅም። አንድም ቀን።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል ብለው ከንፈር መጠጡላት።

ከፋለ መላውን ሁሉ ሞከረ። ዘይቱን ለካ፤ ሙሉ ነው። የዘይቱን ሽቦ ነቀለ፤ መብራቷ እንደበራች ነች። የእጅ ፍሬኑንም ሽቦ ነቀለ፤ ያው ነው። ደርበው ሽቦውን ሁሉ ከአንድ ጥቁር ጥቅል ቆርጦ ነው የዘረጋው፤ የትኛው የት እንደሚሄድ ምልክት አላደረገም። ሰው ሲጠይቀው «በልቤ ይዤዋለሁ» ይል ነበር። ልቡ ግን ትናንት አፈር ገብቷል። ሲመሽ ከፋለ አቧራውን አራግፎ፣ «አብሽሩ፣ እትዬ፣ ጠዋት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ድምፁ ግን ራሱን እንኳ አላሳመነም።

ውባንቺ ምንጣፏ ላይ ጋደም ብላ በባሏ ተናደደች። ሙት ላይ መናደድ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሰውየው ሲኖርም እንዲህ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ፍላቂት ገበያ ሄደው ገብስ ሸምተው ሲመለሱ፣ ሽንኩርት ትዝ ብሏት «አንድ አፍታ» ብላ ወረደች። እሱ የበሩን መዘጋት ሰማና ነዳ። እስከ ጋሸና ድረስ ስለ ሞተሩ ሲያወራላት ሄደ። መልስ ሲያጣ ያኮረፈች መስሎት፣ ለማባበል ዘፈነላት። ጋሸና ደርሶ «ሻይ ልጋብዝሽ?» ብሎ ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። እሷ በሁለት በግ መሀል ተጣብቃ በሚኒባስ መጣች፤ ወር ሙሉም አላናገረችው። እሱ ደጋግሞ «ሁለተኛ አይደርስም፤ መላ እመታለሁ» ቢላትም፣ የወንድ አፍ ነው ብላ ተወችው።

በሠልስቱ ማለዳ ለቃሹ ግቢውን ሞላው። ደሳለ በሬዎቹን ጠምዶ ገመድ ይዞ ቆሟል።

«እትዬ» አለ ከፋለ ከመኪናዋ ውስጥ፣ «ከእርስዎ ጋር ሲሄድ፣ ቁልፉን የሚያዞረው እርስዎ ከተቀመጡ በኋላ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለች።

ከፋለ ከመብራቷ የተነሣውን ሽቦ በጣቱ ተከተለ። ሽቦው ወደ ሞተሩ አልሄደም፤ ከወለሉ ሥር ዞሮ ወደ ፊተኛው ወንበር ወጣ። ትራሱን አነሣ። ከሥሩ፣ የሚኒባስ በር ሲከፈት መብራት የምታበራው ትንሽ ማብሪያ ተተክላለች። በጣቱ ተጫናት፤ ቀዩ ጠፋ። ለቀቃት፤ በራ።

«እዚህ የሚቀመጠው ማን ነው?»

«ማንንም አያስቀምጥበት፤ አባን እንኳ!» አለ ደሳለ። «ታላቁ ሆኜ ከጆንያ ጋር ከኋላ ስጫን ኖርኩ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ውባንቺ ዞረ። «አንተ ጉድ!» አለችና ሣቀች፤ በሠልስት፣ በአደባባይ፣ ድምፅ አውጥታ። ሣቁ ሳያልቅ ጮኻ አለቀሰች። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሷ የሌለችበት መንገድ ሁሉ ቀይ ሲበራበት ኖሯል።

«እንግዲህ ቀዩ እንዲጠፋ ድንጋይ እናስቀምጥበታ» አለ ደሳለ፣ ሊረዳ ብሎ።

«በእኔ ቦታ ድንጋይ?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ታዲያ ሐዘንተኛ ወንበር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አለች ስሜነሽ። እውነቷን ነው፤ ሐዘንተኛ ከመሬት አይነሣም። ሁሉም ወደ አባ ወልደ ሰንበት አየ።

አባ ጢማቸውን አሹ። «ፈረስ ነው ብለን አይደል ያወጣነው?» አሉ። «ፈረስ ላይ ያለ ደግሞ ኮርቻ ነው። ሐዘንተኛ ኮርቻ ላይ አይወጣም የሚል መጽሐፍ እኔ አላነበብኩም።»

ውባንቺ ወጣች፤ ተቀመጠች። ከፋለ ቁልፉን አዞረ። ቀይ የለም። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ሲነሣ በሬዎቹ ደንብረው ደሳለን ከነገመዱ ይዘውት ሄዱ። መኪናዋ በለቃሹ መሀል ቀስ ብላ ዞረች፤ ስሜነሽም ከፊቷ እየሄደች ሙሾውን አወረደችው፦

«ፈረሱ ቆርቆሮ፣ ልጓሙ የሽቦ፣
ሚስቱን ጥሎ ሄደ፣ ምን ነገር አስቦ።»

ሲሣቁ የኖሩት አለቀሱ። ሦስት ጊዜ ዞረው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

«ይውረዱ፣ እትዬ» አለ ከፋለ።

ውባንቺ መብራቷን አየች። አንድ እግሯን አወረደች፤ ሁለተኛውንም አስከተለች። መሬት ላይ ጎንበስ ብላ ቆማ፣ በመዳፏ ወንበሩን እንደተጫነች ቀረች።