በረዶውን የለካው ማን ነው?

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የባሌን ፎቶ በእርጥብ ጨርቅ ወልውያለሁ። የተሰቀለው ቤቴ ውስጥ እንዳይመስላችሁ። በተራራው ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ «ሕገወጥ አዳኞች» የሚል ሰሌዳ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሌቦች መሃል ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጽሑፉን ሰው ነው ያነበበልኝ። የባሌን ፊት ለማወቅ ግን አንባቢ አያስፈልገኝም።

«ለምን የጽዳት ሥራውን አትተዪውም?» ይሉኝ ነበር። እህቴማ «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። የብረት ነው አልኳት። ትቼ ብሄድ ፎቶውን ማን ያወርደዋል? የሰቀለውስ ሰው ሲወድቅ ማን ቆሞ ያያል? ይህን ለማየት ነው የቀረሁት። ለተራራው ፍቅር ብዬ ነው እያልኩ አልዋሽም።

የሰቀለው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሠራተኛው ሁሉ፣ በሌለበት ማለቴ ነው፣ ከረባት ይለዋል። ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ ከረባቱን አይፈታም። አንድ ጊዜ ነፋሱ አንስቶ አፉ ውስጥ ሲከተውለት አይቼ ሳምንት ሙሉ ስቄአለሁ።

ባሌ የተራራ ጠባቂ ነበር። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ በረዶው ከጣቢያችን በላይ እስካለው ኩሬ ድረስ ይወርድ ነበር። ከዚያ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ሸሸ። ሌላው ሰው «ዘንድሮስ ሙቀቱ ጠና» ብሎ ያልፋል። የኔ ሰው ግን በየዓመቱ በጋው ሊያልቅ ሲል ይወጣና በረዶው ያበቃበት ቦታ ላይ ትልቅ ድንጋይ አቁሞ ቀለም ይቀባዋል። እሱም እንደኔ ነው፣ ቁጥር መጻፍ አያውቅም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ጣቢያው ውስጥ ከተቀባ ነገር የተረፈውን ቀለም ይወስዳል። ዋናው በር አረንጓዴ ከተቀባ ድንጋዩም አረንጓዴ፣ የውሃ ታንከሩ ሰማያዊ ከተቀባ ድንጋዩም ሰማያዊ። ብሩሹን በናፍጣ የማጥበው እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ አቆመ፤ የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ከሱ ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ታዲያ አንድ ዓመት የከረባት እንግዶች በጣቢያው መኪና ተጭነው፣ ጠመንጃ ይዘው መጡ። በሄዱ በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ወንድ የተራራ ፍየል ሞቶ፣ ቀንዱ ተቆርጦ ተገኘ። ያኔ ፍየሎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ጠባቂዎቹ እያንዳንዱን በቀንዱ ይለዩታል። ባሌ «ማን እንደገደለው አውቃለሁ፣ ለበላይ እናገራለሁ» አለ። በማግስቱ ቀንዱ ከጎጇችን ጣራ ሥር ተገኘ። ማን እንዳስገባው መጠየቅ ያስፈልጋል? ተባረረ፣ ፎቶው ተሰቀለ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። እኔ የገዳዩን ስም አውቃለሁ።

ከረባት ደግሞ ቁጭ ብሎ ስለ ተራራው መጽሐፍ ጻፈ። ወፎቹን፣ ዕፅዋቱን፣ የጥንቱን ታሪክ፣ ከዚያም «በረዶውን እንዴት እንደለካሁ» ይላል አሉ፤ ከነድንጋዮቹ ሥዕል። የጣቢያው ሾፌር አንብቦልኝ ሲስቅ መኪናው ላይ ተደግፎ ነበር። «እማማ፣ ቀለሞቹ ደረጃ ናቸው ይላል እኮ! ቀይ አደገኛ፣ አረንጓዴ ደህና።» የትራፊክ መብራት መሰለው እንዴ?

መጽሐፉን ያነበበች አንዲት ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ልትመጣ ነው ተባለ። የእያንዳንዱን ድንጋይ ዓመት እፈልጋለሁ ብላለች። ከመምጣቷ በፊት በነበረው ቀን ከረባት ባልዲና መጥረጊያ የማስቀምጥበት ክፍል ድረስ መጣ። እግሩ ረግጦት አያውቅም።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝ። እስከዚያች ቀን «አንቺ» ነበርኩ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ስለ ድንጋዮቹ... ጋሼ በሕይወት ሳሉ ዓመታቸውን ነግረውዎት ከሆነ ብዬ...»

«ዘጠኝ ዓመት ሌባ ሲባል ኖሮ፣ ዛሬ ጋሼ ሆነ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለፈውን እንተወውና...»

«ፎቶውን አውርድ» አልኩት። «በራስህ እጅ፣ ሠራተኛው እያየ። ፍየሉን እሱ አልገደለም በል። ያኔ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።»

«እንግዳዋ ከሄደች በኋላ።»

«ሳትመጣ።»

«አሁን ካወረድኩት ማን ገደለው ይሉኛል!»

«ይበሉሃ።»

ፊቱ ጠቆረ። እማማነቴም እዚያው ላይ አበቃ። «ነገ ሻይ ተሸክመሽ ትወጫለሽ። ትንፍሽ ብትይ ግን ወዮልሽ፣ ከዚህ ጣቢያ ባዶ እጅሽን ነው የማስወጣሽ!»

ሻይ እንድሸከም ያዘዘኝ ራሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔ አልለመንኩትም።

በማለዳ ወጣን። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ከእግራችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ባለሙያዋ አጠር ያለች፣ የምትራመድበትን የምታውቅ ሴት ናት፤ ከእጄ ፔርሙዙን ልትቀበለኝ ፈልጋ እምቢ አልኳት። ሾፌሩና አራት ጠባቂዎች ተከተሉን። ከኩሬው በላይ ድንጋዮቹ በተራ ሽቅብ ይሄዳሉ፤ ከረባት እያለከለከ ማብራራት ጀመረ።

«ይህ ቀይ በረዶው በአደገኛ ፍጥነት የሸሸበት ዓመት ነው። አረንጓዴው የተረጋጋበት።»

«ሰማያዊውስ?» አለች።

«ሰማያዊ... ብርዱ የበረታበት።»

ሽቅብ ወጣች፣ እኛም ተከተልናት። የመጨረሻው ድንጋይ ጋ ቆማ ወደ ላይ አየች። በረዶው ገና ሩቅ ነው፤ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ባዶ ጠጠር።

«መጽሐፉ እስከ አምና ለክቻለሁ ይላል። ከዚህ ወዲያ ድንጋይ የለም እንዴ?»

«ከዚያ በኋላ በመሣሪያ ነው የ...»

ሳቄ አመለጠኝ። አመለጠኝ ስል ለቀቅኩት ማለቴ ነው።

«እማማ፣ ምን አሳቀዎት?» አለች።

«የሚያቆመው ሰው ስለተባረረ ነዋ፣ ልጄ! ያ ቀይ የጣቢያችን ክሊኒክ በር የተቀባበት ነው። ደፉ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ዓመቱን በምስማር ጽፈውበታል፤ ስትወርጂ አንብቢው። ሰማያዊው የውሃ ታንከሩ ነው፣ የመጨረሻዋ ልጄ በተወለደች ዓመት። እዚያ ጋ የደበዘዘው አረንጓዴ ደግሞ ቀጥኖ ነው፤ ዕቃ ቤት የነበረው ሰውዬ ቀለሙን ሰርቆ የራሱን አጥር ቀብቶበት ጥቂት ነበር የተረፈን።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ «እውነት ነው፣ አጥሩን አውቀዋለሁ!» አለ።

ባለሙያዋ ደብተሯን አወጣች። አሥራ ዘጠኙንም ነገርኳት፣ አንዱንም ሳልስት። ከረባት ሁለት ጊዜ ሊያቋርጠኝ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው።

«ማን ነው ያቆማቸው?» አለችኝ።

«ባሌ። ኮሪደራችሁ ላይ ተሰቅሎልሻል፣ ከሌቦቹ መሃል። ፍየል ገደለ ተብሎ።»

ዞሬ ሾፌሩን አየሁት። ይህ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሻዬን ጠጥቷል፣ ቀልዶልኛል፣ አንብቦልኛል። እሱን ጨምሮ ነበር የጠላሁት፤ አያውቅም እንጂ።

አንገቱን ደፋ። «እንግዶቹን የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ። «የተኮሱት እነሱ ናቸው። ቀንዱን ወደ ጎጆው የወሰድኩትም... ሥራ አስኪያጁ አዘውኝ ነው። ልጆች ነበሩኝ።»

«እኔም ነበሩኝ» አልኩት።

ከረባት «ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። የሚሰማው ግን አልነበረም፤ ሴትዮዋ የሾፌሩን ቃል እየጻፈች ነበር።

እንደወረድን የክሊኒኩ ደፍ ላይ ተንበርክካ ዓመቱን አነበበች። ከደብተሯ ጋር አስተያየችው፣ ገጠመ። ወደ ኮሪደሩ ገብታ ፎቶውን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እሱ።»

ባለሙያዋ ከረባትን በእጇ ጠራችው፤ ወንበር መጣለት። ሠራተኛው ኮሪደሩን ሞላው፤ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሳትቀር በር ላይ ቆማ አየች። ምስማሩ ዝጎ ኖሮ ቶሎ አልለቅ አለው፤ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲታገል አንድ ሰው እንኳ አላገዘውም። ማንም ሳያስገድደው ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ፍየሉን እሳቸው አልገደሉም» አለ። ድምፁ አነሰብኝ።

«ድገመው» አልኩ። ደገመው።

ባለሙያዋ አዲስ መጽሐፍ ሲጻፍ የባሌ ስም ፊተኛው ገጽ ላይ ይሆናል አለችኝ። እሰየው አልኳት። ከረባት ተባሮ በወሩ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ቤቴ ደጃፍ መጥቶ «እማማ፣ ይቅር በሉኝ፤ እኔም ቤተሰብ አለኝ» አለ። አልልህም አልኩት። በሩን ዘጋሁበት፣ ቀስ ብዬ፣ ሲዘጋ እንዲያየው።

ሾፌሩ አሁንም እዚሁ ነው። ሰላም ይለኛል፣ አልመልስለትም።

እህቴ በቀል ልብን አያሳርፍም ትለኛለች። እሷ ሞክራው አታውቅም። የኔን አሳርፎታል።