የቆመ ሰው አይታከምም

ቨርሊን ኮፕኪ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ጋኔን ሊወጋ ወደ ሎና ምድር ቤት ሲወርድ ፈራ። ጋኔኑስ በወረቀትና በወሬ ያለ ነው፣ አያስፈራም። የፈራው ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ የምትጠብቀውን የገዛ ልጁን ነበር።

ትሬሳ ከቤት ከወጣች ወዲህ ስልኩን አታነሳለትም። ብታነሳም "ደህና ነኝ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብላ ትዘጋዋለች። ባለፈው ሳምንት ግን ራሷ ደወለች። እሁድ እሁድ እያንዳንዱ የተረት ጀግና ሆኖ ጋኔን የሚዋጋበትን የጠረጴዛ ጨዋታ አብረዋት ከሚጫወቱት ሰዎች መካከል ፈዋሽ የነበረው ሰውዬ ሚኒያፖሊስ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ ቦታው ባዶ ሆኗል። "አንዴ ና እንይህ" አለችው። "ከተስማማን ትቀጥላለህ። ካልሆነ ደግሞ እንዳትቀየመኝ።" ቨርሊን ስለ ጨዋታው የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር መቀመጥ ካስገኘለት ግን ጋኔን ቀርቶ ሰይጣንንም ከነአለቆቹ ይገጥም ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሎና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። በጨዋታው ግን ጋርቮክ የሚባል ባለ ሰይፍ ነች፤ ጋርቮክንም ትሬሳ ሳትወለድ ጀምሮ ነው የምትጫወተው። የእህቷ ልጅ ኦሪን ታሪኩን የሚመራው ተራኪ ነው። ትሬሳ ኒብ የምትባል ሰላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ በየፊታቸው ቁጥር የተጻፈባቸው የዕጣ ጠጠሮችና አንድ ሳህን የተጠበሰ አይብ አለ።

"ስማኝ ቨርሊን" አለች ሎና አይቡን እያኘከች። "ፈዋሽ መሆን ማለት ሚዜ መሆን ነው። ሠርጉ ያንተ አይደለም፤ ቀለበቱ ከጠፋ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው። ከኋላ ቁም። ተራህ እስኪደርስ አታንቀላፋ፤ ማን ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ካላወቅክ ልትረዳው አትችልም። በሰው ተራ ግን ምክር የለም!"

ትሬሳ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"በተለይ ለዚህችኛዋ" አለች ሎና። "ደሞ ጸሎትህን እንዳታባክን። ያለችህ ሦስት ናት። ሰው ተጫረ ብለህ አትፈውስም። አንድ ጠብታ ነፍስ የቀረው ሰው እንደ ሙሉ ሰው ነው የሚዋጋው። ለወደቀው አስቀምጥ። የቆመ ሰው አይታከምም፣ በቃ።"

"አክስቴ እንዲህ ስትል ነው ያደግኩት" አለ ኦሪን። "ግን እውነቷን ነው፣ ይስሟት።"

ቨርሊን ለመታዘዝ ቆርጦ ተነሳ። ኒብ ብቻዋን ወደ ጨለማው መቃብር ስትገባ "ብቻሽን እን..." ብሎ ጀመረና አፉን በአይብ ጠቀጠቀው። ሎና ጠቀሰችው። ጋርቮክ ወደቀ፤ ጸለየና አነሳው። ጋርቮክ ደግሞ ወደቀ፤ አሁንም ጸልዮ አነሳው።

"አንተ ሰውዬ ለዚህ ነው የተፈጠርከው!" ብላ ሎና ጠረጴዛውን ስትደበድብ ትሬሳ ሳቀች። የልጁን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው! ቨርሊን ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ አለው። በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ትሬሳ ጎንበስ ብላ ወረቀቷ ላይ በቁጥር የተጻፈውን የኒብን ቀሪ ነፍስ በላጲስ እያጠፋች ስትቀንስ ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጋኔኑ መጣ። ጋርቮክ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘረረ። ቨርሊን የቀረችው ጸሎት አንዲት ናት።

"ተራው የፈዋሹ ነው" አለ ኦሪን።

ቨርሊን ጋርቮክ ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ የትሬሳ ወረቀት ላይ አረፈ። ላጲሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል።

"ስንት ቀረሽ?"

"አንድ" አለች ቀና ሳትል። "ቆሜያለሁ እኮ። ደህና ነኝ።"

ቨርሊን ደነገጠ። ሚስቱ ኮርሊስ ታማ አልጋ ላይ በነበረችበት ጊዜ ሙሉ ከልጁ ይህችኑ ቃል ሲሰማ ነው የኖረው። ትሬሳ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን በፈላ ውሃ የተቃጠለ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ወጥ ቤት ቆማ አገኛት። "ደህና ነኝ" አለችው፤ እሱም መድኃኒቱን ይዞ አልፏት ወደ ሚስቱ ክፍል ገባ። ለጠየቀው ሰው ሁሉ "ትሬሳ ጠንካራ ናት፣ እሷስ አታሳስበኝም" ይል ነበር፤ ያውም በኩራት። እናትየዋ ከተቀበረች በኋላ ነው ልጅ እንዳለችው ትዝ ያለውና ነጋ ጠባ በስልክ ያጨናነቃት። ያኔ ግን እሷ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር።

"ለኒብ" አለ።

"ምን?" ጮኸች ሎና። "ቆማለች እኮ! መሬት ላይ የተጋደምኩት እኔ!"

"አውቃለሁ።"

"አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም" አለ ኦሪን ቀስ ብሎ።

ጋርቮክ ይተርፍ እንደሆነ ለማየት ሎና ጠጠሩን ጣለች። ክፉ ቁጥር ወጣ። ጋርቮክ ሞተ። ሎና ያረጀ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

ትሬሳ ግን ፊቷ ቀላ። "ማን ለምኖህ ነው? ለወደቀው ነው ተባልክ አይደል? ማን ጠየቀህ?"

"አልጠየቅሽኝም። ያኔም አልጠየቅሽኝም።"

"አሁን ነው የታየሁህ?" ድምጿ ተሰበረ። "በእማዬ ቀንቼ አላውቅም። መታመሟ ጥፋቷ አልነበረም። ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ዞር ብለህ ብታየኝ ምን ነበረበት!"

ሎና ከወንበሯ ተነሳች። "የሞተው የኔ ሰው፣ የምታለቅሱት እናንተ" አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች። "ና ኦሪን፣ የደጁን በረዶ እንዛቅ።" ሁለቱም ወጡ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ትሬሳ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

"እሁድ አትምጣ" አለችው። "ይሄ የኔ ቦታ ነው። ማክሰኞ ቤቴ ና። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ።"

"ትሬሲዬ፣ ይቅር..."

"አትበለኝ! አንተ ይቅርታ ካልከኝ እኔ ደህና ነኝ ልል ነው፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል። እኔ ደግሞ ገና አልጀመርኩም።"

ቨርሊን ቃሉን ዋጠው።

"በስንት ሰዓት ልምጣ?" አላት።