ቧንቧውን ማን ሠራው

ካራ ዳገቱ ላይ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ያን ቀን ሮቶውን የሞላ ሳምንቱን ሙሉ ይታጠባል፤ ያልሞላ ጄሪካን ይዞ ጎረቤት ይለምናል። የጋዲሴ ሮቶ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ነገር ግን በወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ያለው ቧንቧ ቀን ከሌት እያንጠባጠበ ዓርብ ሲደርስ ጠብታ አይተውላትም። እንዲህ ሆኖ ዐሥር ወር አለፈ።

ባሏ ቶሌሳ ባለሙያ ጠርተን እናሠራው ስትለው፣ ወንድ ባለበት ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ሲገባ ሰው ምን ይላል ብሎ ይቆጣል። እንግዲያው አንተው ሥራው ስትለው ደግሞ ነገ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የቶሌሳ ነገ ነው። ባልዲው ሲሞላ የምትደፋው እሷ፤ ዓርብ ዓርብ ጄሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣው እሷ፤ ማታ ወገቤን የምትለው እሷ። እሱ ከቢሮው ይመጣል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ውኃው ቀዘቀዘ ይላል።

አንድ ዓርብ ዳገቱ መሐል አዳለጣት። ጄሪካኑ ተገልብጦ ውኃው ቁልቁል ሲወርድ ቆማ አየችው። ጉልበቷ ደምቷል፤ ያቃጠላት ግን ጉልበቷ አልነበረም። ቀሚሷን አራግፋ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ሲፋን ሱቅ ወረደች።

ሲፋን ካራ መግቢያ ላይ የቧንቧ ዕቃ የምትሸጥ ወጣት ናት። አልሳቀችባትም። ዋናውን መዝጊያ ዘግታ የተበላሸውን እንድትፈታና ይዛ እንድትመጣ ነገረቻት፤ የቧንቧ መፍቻም አዋሰቻት፤ ይዛ ስትመጣም በልኩ አዲስ ሰጠቻት። ማክሰኞ ውኃ ሲመጣ ጋዲሴ ገጥማ ስትከፍተው ውኃው ፊቷ ላይ ተረጨ። በማግስቱም እንዲሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ሲፋን ሣጥን ላይ አስቀምጣ አሮጌ ቱቦ አስያዘቻት። ቴፍሎን የሚሉት ስስ ነጭ ጥብጣብ የሚጠመጠመው የቱቦው ጥርስ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲያጠብቁት ይላቀቃል። ጋዲሴ እጇ እስኪለምደው ድረስ ጠመጠመች፣ ፈታች፣ ጠመጠመች።

በዚያው ቀን ቧንቧው ዝም አለ። ቶሌሳ ማታ መጥቶ ከሲንኩ ሥር ባልዲው አለመኖሩን አየና "ቆመ እንዴ?" አለ። እግሩንም ሊታጠብ ሄደ። በሚቀጥለው ዓርብ ሮቶው ገና ከግማሽ በላይ ነበር። ጋዲሴ ለብቻዋ ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤት ቤት የሚዞረው የጸሎት ቡድን ተራው እነሱ ቤት ነበር። መዝሙሩ አለቀና የምስክርነት ጊዜ ሆነ። ቶሌሳ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

"ወገኖች፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመስክር። ዐሥር ወር ሙሉ ያስለቀሰንን ቧንቧ፣ ጥበብ ሰጥቶኝ በእነዚህ እጆቼ ጠገንሁት።"

ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። ጋዲሴም ሳታስበው አሜን አለች፤ ልማድ ነው። በሰው ምስክርነት መሐል ገብቶ ውሸት ነው የሚል እዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ንዴቷን እንደ ትኩስ ቅንጬ ዋጠችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ ፈትለወርቅ የሚባሉ፣ ላምበረት አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ የእሳቸውም ቧንቧ እንደሚያፈስ ተናገሩና ቅዳሜ ወንድም ቶሌሳ እንዲያይላቸው ለመኑ። ቶሌሳ ምን ገዶት፣ እሺ አለ።

እንግዶቹ እንደወጡ ጋዲሴ በሩን ዘጋች። ለምን ዋሸህ አለችው።

"ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደለንም? አንቺ ሠራሽው እኔ ሠራሁት፣ ምን ልዩነት አለው?"

"ልዩነት ከሌለው ጋዲሴ ሠራችው ማለት ለምን ከበደህ?"

ቶሌሳ እስከ ቅዳሜ ሲለማመጣት ሰነበተ። እባክሽ አብረሽኝ ሂጂ፣ ዕቃ አቀባይ ምሰዪ፣ በእትዬ ፈትለወርቅ ፊት አታዋርጂኝ። ሄደች። የሄደችው ለእሱ አልነበረም፤ አሮጊቷ በሳምንት አንዴ የሚያገኙት ውኃ በከንቱ መፍሰሱ ስላሳዘናት ነው።

እትዬ ፈትለወርቅ ቤት የቡድኑ መሪ ወንድም ይድነቃቸውና ሁለት ምእመናን ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ከሥራው በኋላ ሊጸልዩ ነው። ቶሌሳ ኮቱን አውልቆ ሲንኩ ሥር ተጋደመ። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ ማለት እንኳ ትዝ አላለውም፤ ጋዲሴ ስትገባ ዘግታው ነበር። መፍቻ አለ፤ ሰጠችው። ጥብጣብ አለ፤ ሰጠችው። በተቃራኒው ሲጠመጥም አየችና ዝም አለች። መዝጊያው ሲከፈት ውኃው ደረቱ ላይ ተረጨ። ሮጣ ዘጋችው። ሁለተኛ ጠመጠመ፤ ሁለተኛ ረጠበ። ይድነቃቸው ጠላት ሥራውን እየተቃወመ ነው ብሎ መጸለይ ጀመረ።

ቶሌሳ የቀሚሷን ጫፍ ሳብ አደረገ። "ነይ ግቢ፤ ጀርባሽን ወደ ሰዎቹ አዙሪና ቶሎ ግጠሚው" አለ በሹክሹክታ።

ጋዲሴ እጁን ከቀሚሷ አላቀቀችና ከእንግዶቹ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው" አለችው።

ጸሎቱ ቆመ። በመጨረሻ "አልችልበትም" የሚል ድምፅ ከሲንኩ ሥር ተሰማ።

"እዚህ አይሰማም። እሑድ ዕለት እንደተናገርከው ጮክ በል።"

እየተንጠባጠበ ብድግ አለ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ "የቤታችንን ቧንቧ የሠራችው ጋዲሴ ናት። እኔ መፍቻም ይዤ አላውቅ" አለ።

እትዬ ፈትለወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይድነቃቸው ጉሮሮውን ጠራርጎ ነገሩን ሊያለሳልስ ሞከረ፤ ባልና ሚስት ያው አንድ ናቸው፣ ማንም ይሥራው ማን ክብሩ ለጌታ ይሁን አለ።

"ክብሩ ለጌታ ይሁን፣ ወንድም ይድነቃቸው" አለች ጋዲሴ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "ሥራው ግን የእኔ ነው።"

መፍቻውን ከቶሌሳ እጅ ተቀብላ ሲንኩ ሥር ገባች።