ለአቶ ደግፌ የጨመርኩት ዓረፍተ ነገር

በሰፈራችን፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋ ስለተማርኩ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ገብረወልድ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ከጻፍከው ክፉውም ደግ ሆኖ ነው የሚቀበረው» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አጻጻፌ ቀላል ነው። ቤተሰቡ የትውልድ ቦታ፣ የሥራ ዘመንና የልጆች ቁጥር ይነግረኛል። ይህ ብቻ ሲነበብ ሟቹ ማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ እጨምራለሁ፤ ማንንም የማትጎዳ። ለአንዲት እናት «ዝናብ ሲጀምር በር ላይ ቆመው ይስቁ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጆቻቸው በሙሉ «አዎ፣ አዎ» እያሉ አለቀሱ።

ጦር ኃይሎች አካባቢ የቀለም ሱቅ ለነበራቸው ለአቶ ደግፌ የጨመርኩት ይህን ነበር፦ «ጠዋት ሲወጡ በሩን ከውጭ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርገው ነበር የሚሄዱት።»

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ብርቅዬ አስጠሩኝ። ረፋድ ላይ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ።

«ያንን የበሩን ነገር ማነው የነገረህ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ማንም። ከራሴ ነው።»

«ደግፌ በር አንኳኩቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት።» አልተቆጡም። «አሁን ግን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይንኳኳል። ሁለቴ። ስከፍት ማንም የለም። ልጆቹን ስጠይቅ ‹እንዴ እማዬ፣ አባዬ ሁልጊዜ ያንኳኳ አልነበር?› ይሉኛል።»

«ይቅርታ፣ እትዬ...»

«ይቅርታህ ይቆይ። የኔ ባል እንዴት ይወጣ እንደነበር ጠፍቶብኛል። ሳስበው ያንተ ሰውዬ ነው የሚመጣብኝ። የፈጠርከውን ውሰድና የኔን መልስልኝ።»

ደብተሬን አወጣሁ። ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። አቶ ደግፌ ሲነሱ መጀመሪያ የሚሰማው ምንድነው? ሻይ ጠጥተው ነው የሚወጡት? ለሁሉም «እንጃ» ይሉኛል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «አስኮ፣ አስኮ» ሲል ይሰማል።

ከዚያ ፊታቸው ተፈታ። «ጫማውን» አሉ። «ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚወጣው፣ እኔ እንዳልነቃ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው የሚያደርገው።» እንባቸው ወረደ። «መጣልኝ። ይሄ የኔው ደግፌ ነው። ጻፈው።»

ልጽፍ ጎንበስ ስል ዓረፍተ ነገሩ ደብተሩ ላይ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቆዩበት ጊዜ እጄ እንደ ልማዱ ጽፎታል፦ «ባለቤታቸው እንዳይነቁ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይወጡ ነበር፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያደርጉታል።» ቀለሙ ደርቋል።

«ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እስቲ አንብብልኝ፣ መነጽሬን አላደረግኩም።»

አነበብኩላቸው። በየቃሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። መቼ እንደጻፍኩት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

በማግስቱ ደወሉልኝ። በሩ አልተንኳኳም። «ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል ሰማሁት» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

አሁንም እጽፋለሁ። ግን ሰው ሲያወራልኝ ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሁለቱን እጆቼን ከዓይኔ እንዳይርቁ ጉልበቴ ላይ አደርጋቸዋለሁ።