የእምቦጭ ቅጣት

አንጋፋው የጂኦግራፊ መምህር ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ያችን ጎማ ከሀያ ዓመት በላይ ይዘዋታል። ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠች፣ ሁለት ጣት የምትወፍር፣ በመምህራን ክፍል በር ኋላ ሚስማር ላይ የምትውል የመግረፊያ ጎማ ናት። ዱላ ክልክል ነው የሚለው መመሪያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ እሷ ግን ተኝታ አታውቅም። ተማሪው «ምክትል ርዕሰ መምህር» ይላታል።

ወጣቱ መምህር ኑርሑሴን ይህችን ጎማ ገና ከሩቅ ሲያያት ጠላት። ቁንዝላ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳለ፣ አባቱን ታንኳ ሲያግዝ አርፍዶ የእሷን እህት ቀምሷል፤ እስከ ዛሬ ጎማ ሲያይ መዳፉን ይበላዋል። ስለዚህ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ በሆነ ማግስት ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ቀርቦ፣ ትምህርት ቤት ያለ ዱላም ይመራል ሲል ተከራከረ። ሴትዮዋ የዋዛ አይደሉም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ጎማዋ ከሚስማሯ አትወርድም» አሉት። «ጥፋት ከቀነሰ ትወገዳለች። ካልቀነሰ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ አንተም ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።»

ኑርሑሴን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቅጣት አገኘ። ያረፈደ፣ የረበሸ፣ አጥር የዘለለ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ከዘንዘልማ መንደር ወዲህ ካለው ሐይቅ ዳር ወርዶ እምቦጭ ይነቅላል። አረሙ የአክስቱን የሸምሲያን የጀልባ ማስጠጊያ ዘግቶባት ስለነበር፣ ለነፍስም ለሥጋም የሚሆን ቅጣት መሰለው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ጥፋተኞች ሄዱ። እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሲነቅሉ፣ ጭቃ ሲቀባቡ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። ሸምሲያ ደግሞ የሠራ ሰው ሳይበላ ሲሄድ ማየት ሞቷ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ በዳጣ አቀረበችላቸው።

«አክስቴ፣ እነዚህ እኮ ጥፋተኞች ናቸው» ቢላት፣

«ጥፋተኛ አይርበውም እንዴ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዐሥራ ሰባት መጡ፤ በሦስተኛው ስልሳ አንድ። መዝገቡ ሞልቶ ሌላ ተገዛ። በጊዜ የደረሱ ልጆች ደወሉ እስኪያልፍ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። ሂሻም የሚባል ተማሪ አጥር ዘልሎ ወጣና ማንም ስላላየው ተመልሶ እንደገና ዘለለ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው፣ ድምፅዋ እንኳ ተሰምቶ የማያውቀው ሱምያ ተነሥታ ጠመኔ ወረወረች። ጠመኔው የኑርሑሴን ግንባር ላይ አረፈ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ወረወርሁ፣ ቲቸር» አለች በትሕትና። «ይመዝገብልኝ። ጓደኞቼ ሦስት ቅዳሜ ዓሣ ሲበሉ እኔ ቤት ስሸመድድ ዋልሁ።»

ግንባሩን እያሻሸ መምህራን ክፍል ሲገባ፣ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ጎማዋን ከሚስማሯ ሳያወርዱ በዘይት ሲወለውሏት አገኛቸው።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ዐርብ ነው ያለህ» አሉት። «እኔና እሷ ተዘጋጅተናል።»

ኑርሑሴን ፈራ። የሱምያ ቀጭን መዳፍ ዐይኑ ላይ መጣበት፤ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነም ታወቀው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ እንደተሰቀለ ሰልፉ ፊት ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ሐይቅ አይወርድም። ቅዳሜን ቤቱ ይቀመጣል፤ የሚወርደው ያልተመዘገበ ብቻ ነው።»

«ይኼ ግፍ ነው!» አለ ሂሻም ከኋላ። «ከዚህስ ጎማው ይሻላል!»

ያን ሳምንት ሰልፉ ደወል ሳይደወል ይሞላ ነበር። ዐርብ ዕለት ርዕሰ መምህሯ መዝገቡን ሲገልጡ አንድ ስም ብቻ አገኙ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ስሙን ደግመው አነበቡና ሳቁ።

«ረትተሃል። ጎማዋን ግን ከጋሼ እጅ የምትቀበለው አንተው ነህ፤ እኔ የልጆች እናት ነኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኑርሑሴን ይህንኑ እያሰበ፣ መዝገቡን ታቅፎ በር ላይ ቆመ። ተማሪው ተሰልፏል። ከሰልፉ ጫፍ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ በፌስታል ሎሚ ይዘው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምነው በሰላም?»

«እምቦጩ የአገር ጉዳይ አይደል? ለዓሣውም ሎሚ ይዣለሁ።»

ኑርሑሴን መዝገቡን ገለጠ። «ሐሙስ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍደው ነው ክፍል የገቡት። ስምዎ እዚህ አለ።»

«የእኔ? በሀያ ዓመት ተመዝግቤ የማላውቀው?»

«ደንብ ነው፣ ጋሼ።»

ተማሪው ሳቁ እንዳያመልጠው ጫማ ጫማውን አየ። ሽማግሌው ሎሚያቸውን ጥቂት አገላበጡ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ጎማዋን ይዘው ወጡ። ገሚሱ ተማሪ ከልማዱ የተነሣ እጁን ከኋላው ደበቀ። እሳቸው ግን ጎማዋን በሁለት እጃቸው ለኑርሑሴን አቀረቡለትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፤

«ይህችን ባስረክብ፣ ይሰረዝልኝ ይሆን?»