አባይን የከሰሰችው

ወለተ ሰንበት ጥጥ ትዳምጥ ነበር። ድንጋዩን ከጉልበቷ ፊት አድርጋ ብረቱን ወደፊትና ወደኋላ ስታንከባልል፣ ፍሬው በአንድ በኩል ጥጡ በሌላ በኩል ይወጣል። ደምለውና ሙላት ደጁ ላይ ቆመው «ቤቶች!» ሲሉ እጇን አላቆመችም።

«ግቡ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። እጄ ተይዟል፣ አልነሣላችሁም።»

«በእግዜር፣ እሜቴ» አለ ደምለው።

ለምን እንደመጡ ታውቃለች። እሑድ የባሏ የመሪጌታ አካለ ወልድ ሙት ዓመት ነው። ጣልያን ከመግባቱ በፊት የኔታ ደብረ ማርቆስ ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ አንድ ቴአትርም ጽፈው አሳይተዋል። በቴአትሩ ልጇን አባይ የወሰደባት እናት ወንዙን ዳኛ ፊት ታቆመዋለች። ደምለው ዳኛው ነበር፤ ሙላት የወንዙ ጠበቃ። ባዘዘው የሚባል ወጣት ደግሞ ቀሚስ ለብሶ እናቲቱን ሆነ። ባለፈው ዓመት ወታደሮች የኔታን ከቤት አውጥተው ገደሏቸው። ቤቱን ሲያቃጥሉ የቴአትሩ ወረቀት አብሮ ነደደ። ወለተ ሰንበት ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው ከወንድሟ ቤት ተጠጋች። ባዘዘውም ከአርበኞች ጋር ጮቄ ተራራ ሥር ሲዋጋ ወደቀ።

«አሁንም ገበያ ስወጣ ሴቶቹ አይምሩኝም» አለ ሙላት። «‹ያ የወንዝ ጠበቃ መጣ፣ ልጆቻችሁን ያዙ!› ይላሉ። አንዷማ ቅቤ አልሸጥልህም አለችኝ።»

«ደግ አደረገች።»

«እኔ ምን ላድርግ እሜቴ፣ አፌ ላይ ያስቀመጡት የኔታ!» ብድግ ብሎ ኩታውን እንደ ተሟጋች አጣፋ። «‹ጌታዬ ዳኛ፣ ውሃ የታዘዘበትን መንገድ ይሄዳል እንጂ ማን እንደሚሻገር አይጠይቅም። ክስ ካለ ቁልቁለቱ ይከሰስ!›»

ደምለው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «ከየኔታ ወዲህ ሰው ሲናገር እሰማለሁ እንጂ ጆሮዬ አይጠግብም። እሜቴ፣ እሑድ ቴአትሩን ብንለው ብለን ነው የመጣነው። ለሙት ዓመት ሰው ቢሰበሰብ ባንዳም አይጠረጥርም። ግን ከሳሿ የለችም። ከሳሽ የሌለበት ችሎት ደግሞ ምን ችሎት ነው?»

የኔታ ቴአትሩን ያስጠኑት እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቃል ነበር፤ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጠው። አንዱ የሌላውን እንዲያጠና አይፈቅዱም። ሰው የሚይዘው የራሱን ቃልና ከሱ በፊት ያለው ሰው የሚጨርስበትን አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ እሱን ሲሰማ ይነሣል። ቴአትሩ በታየ ለት ደግሞ ሁሉም የራሱ እንዳይጠፋበት ሲፈራ የባዘዘውን ልብ ብሎ የሰማ አልነበረም። ሕዝቡ ማልቀሱን ብቻ ያስታውሳሉ።

«የባዘዘውን ቃል እርስዎ ያውቁታል ይባላል» አለ ደምለው።

ብረቱ ቆመ።

«የባዘዘው አይደለም። የኔ ነው» አለች። «ልጄን ማሬን ኩፍኝ ሲወስድብኝ ያለቀስኩት ነው። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ለልጃቸው አንድ እንባ አልወጣቸውም። በኋላ ጎረቤት መጥታ ‹ለቅሶሽን ወንድ ቀሚስ ለብሶ አደባባይ ላይ ሲለው ሰማሁ› አለችኝ። ሄጄ አላየሁም። እሳቸውንም አልጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም አላነሡብኝ። እንዲሁ እንደተኳረፍን ወታደሮቹ መጡና ወሰዷቸው። አሁን ደግሜ አልሰጥም።»

ደምለው አንገቱን ደፋ። ሙላት ግን ተመልሶ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ፣ «እኔ የምነሣው ‹ለካ ድምፁን ውጦ ያለቅሳል እያየኝ› ስትል ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«መነሻዬ ነው፣ እሜቴ። እናቲቱ የምትጨርስበት። ‹ለካ ድምፁን ውጦ ያለቅሳል እያየኝ።›»

«እሱ የኔ አይደለም» አለች። ከዚያ፣ ትክክሉን ልታሳየው ብላ፣ ከማሬ ቀብር ወዲህ ከአፏ ያልወጣውን ቀስ ብላ አለችው፦

«እራትሽን ከድኜ፣ ልብስሽን አጥቤ፣
ደጅ ደጁን አያለሁ፣ አላምን አለ ልቤ።

እኔ ያልኩት ይኸን ነው። እዚህ ላይ ያልቃል። የሚያለቅሰው ማነው?»

«የእናቲቱ ባል» አለ ደምለው። «መድረክ ላይ አይወጣም። አንድም ቃል የለውም። እኔ ዳኛው ‹ባልሽስ የት ነው?› ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ‹ቤት ተኝቷል› ትለኛለች። ከዚያ ነው ይኸን የምትለው።»

ወለተ ሰንበት እጇ ላይ የቀረውን ጥጥ አየችው። ከማሬ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትተኛው። ከጀርባዋ የባሏ ትንፋሽ ሲረዝምና ሲያጥር ትሰማ ነበር። እንቅልፍ የሚሉት እንዲህ ነው ብላ፣ በዚያ እንቅልፍ ቂም ይዛ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችም።

«ከሱ በፊት አንድ ስንኝ ጎድሏል» አለ ሙላት። «ቤት የሚመታለት።»

ጥጡን ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ከዚያ አለችው፦

«ከጎኔ ያለው ሰው የተኛ መስሎኝ፣
ለካ ድምፁን ውጦ ያለቅሳል እያየኝ።»

መነሻው ደረሰ፤ ሙላት ግን አልተነሣም። ኩታውን ወደ አፉ ወስዶ እንደተቀመጠ ቀረ።

ደምለው «እንዲህ ነበር?» አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላውቅም። የተኙ መስሎኝ ነበር።»

ውጭ በግ ጮኸ። ደምለው ሊሄድ ተነሣና ደጁ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «እሑድ ማን ይበለው፣ እሜቴ?»

«እኔ እለዋለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ብታለቅስ የሚከለክላት ማን ነው?» ከዚያ ሙላትን አየችው። «አንተም ቀና ብለህ ተሟገት። እንዳታዝንልኝ። እሳቸው እንድታዝንልኝ አልጻፉህም።»

«እሺ፣ እሜቴ።»

ሲሄዱ ብረቱን አነሣች። የቀረው ጥጥ ከእፍኝ አይበልጥም ነበር። ዳምጣ ጨረሰችው። ፍሬውን ጠርጋ፣ ጥጡን ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ አደረገችው። ከዚያ ድንጋዩን አንሥታ፣ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ወደ ቤቱ ውስጥ አድርጋ አስደገፈችው።