ምጥ በትንሿ መኪናዬ ውስጥ

ታናሽ እህቴን ወደ ሆስፒታል ይዣት ስከንፍ መንገዱ ተዘጋጋና ምጧ መኪናው ውስጥ ጠናባት። መኪናዬ ለሽቅድምድም የተሠራች የምትመስል ትንሽዬ ናት። ምቾቷ ሁሉ ከፊት ነው፤ ኋላዋ እግር እንኳ አያዘረጋም። ዳር ይዤ ቆምኩና የፊቱን ወንበር ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ገፋሁት፣ የኋላውን አጥፌ ከዕቃ መጫኛው ጋር አገናኘሁትና አስተኛኋት።

"እታለም፣ መጣ! ልሞትብሽ ነው!" ብላ ጮኸች እህቴ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ስለ ምጥ ምን አውቄ! መሪው ላይ ያለውን የስልክ ቁልፍ ተጭኜ እርግዝናዋን ስትከታተል የነበረችው አዋላጅ ጋ ደወልኩ። ድምጿ በስፒከሩ መኪናውን ሞላው።

"አይዞሽ እህቴ፣ ጭንቅላቱን ደግፊው እንጂ እንዳትስቢው።"

ሕፃኑ ወጣ። ግን ዝም አለ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ "አያለቅስም!" ብዬ ጮህኩ።

"ጀርባውን አሻሺው!" አለች አዋላጇ።

በሹራቤ አሻሸሁት፣ አሻሸሁት። በመጨረሻ እሪ አለ። እህቴ ሳቀች፤ እኔም ሕፃኑን በሹራቤ ጠቅልዬ ደረቷ ላይ አስተኛሁላት።